ብረቱን ነው ወይስ ባለቤቱን? የአባቶች ሞተር ብስክሌትና የልጆች ትዝታ

«ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላሉ አበው። አባባሉ ጥበብ አለው፤ ያለፈውን ዝናብ ዛሬ በሚከደን ጣራ መከላከል አይቻልምና። ሆኖም ይህንኑ ምሳሌ የሚተርተው ሕዝብ የሙታኑን ስም በተዝካር ያነሣል፤ የአያቱን ጋሻ በግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ የእናቱን ነጠላ አጣጥፎ በሣጥን ያኖራል። እንግዲህ ሰው ላለፈው ዘመን አዲስ ቤት ባይሠራለትም በሚኖርበት ቤት ውስጥ ግን ስፍራ ይሰጠዋል ማለት ነው። ምን ያህል ስፍራ ይስጠው? የሚሰጠውስ ከማን ላይ ቀንሶ ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ይህን ጥያቄ በአካባቢያችን በተለየ መልክ የሚያስነሣ አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በቡሌ በአንዳንድ ግቢዎች ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጎማው ተንፍሶና ቀለሙ ለቅቆ በሸራ የተሸፈነ ያማሃ ወይም ሆንዳ ቆሞ ይገኛል። ባለቤቱ ዐርፈዋል። ሊብሬው ከቤተሰቡ ፎቶግራፎች ጋር በአንድ ፖስታ ተቀምጧል። ከልጆቹ አንዱ «ተሸጦ ለታናሻችን የትምህርት ወጪ ይዋል» ይላል፤ እኅቱ «አባባን ልትሸጡት ነው?» ብላ ታለቅሳለች፤ እናት ዝም ይላሉ። ነገሩ ከካህን ወይም ከካቴኪስት ዘንድ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ በአንድ አጭር ጥያቄ ይጠቃለላል፦ «አባ፣ የአባታችንን ሞተር ብንሸጥ ነውር ነው?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሞቱት ያለብንን ዕዳና በሕይወት ላሉት ያለብንን ዕዳ ፊት ለፊት ያገናኛል። ስለዚህ «ሽጡት» ወይም «አትሽጡት» ብሎ ማሰናበቱ ቀላል ቢሆንም ተገቢ አይደለም። ቀስ ብለን እንመልከተው።

ሞተሩ ምን ነበር?

የጌዴኦን ምድር የሚያውቅ ሁሉ መልክዓ ምድሩን ልብ ይላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን አቋርጦ ያልፋል፤ ብዙው ሕዝብ ግን የሚኖረው ከጎዳናው ግራና ቀኝ በሚገኙት ተራሮች ላይ ነው። ዲላ በ1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ የዞኑ ደጋማ ክፍል ግን ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በክረምት ጭቃው መኪናን ይይዛል፤ ወደየመንደሩ የሚወስደውም በእንሰትና በቡና መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣ ጠባብ መንገድ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ምድር የሚስማማ ሞተር ብስክሌት በዓለም ገበያ በብዛት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። የጃፓኑ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 የተባለውን ባለ 250 ሲ.ሲ. ሞተር አወጣ፤ ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ1972 ኤክስ ኤል 250ን አስከተለ። ጥርሳቸው የጎላ ጎማዎች፣ ድንጋይ እንዳይመታው ከፍ ተደርጎ የተሠራ ማርሚታ፣ የመንገዱን ጉድጓድ የሚያለዝቡ ረጃጅም ሞላዎች ነበሯቸው። ዲቲውና መሰሎቹ ባለ ሁለት ምት በመሆናቸው ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብረው ያቃጥሉ ነበር፤ ሰማያዊ ጭሳቸውንና ሽታቸውን በልጅነቱ ያወቀ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ከ100 እስከ 200 ሲ.ሲ. ያላቸው ታናናሾቻቸውም በአፍሪካ ገጠር ብዙ ቦታ በበቅሎ ፈንታ ለሥራ ዋሉ።

በእኛም ዘንድ የቡና ልማት ባለሙያው፣ የወባ መከላከያ ሠራተኛው፣ የእንስሳት ሐኪሙና የሚሲዮኑ ካህን በዚህ የብረት በቅሎ ተጉዘዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሲዳሞ የመጡት የኮምቦኒ ልዑካንና ከእነርሱ ጋር የደከሙት ካቴኪስቶች ከአንዱ ጸሎት ቤት ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ በእግርም በሞተርም ተመላልሰውበታል። የአንድ ሞተር ሸክም ባለቤቱ ብቻ አልነበረም። ታማሚ በሁለት ሰዎች መካከል ተደግፎ ወደ ዲላ ወርዶበታል፤ የቡና ችግኝ በቅርጫት፣ ንዋየ ቅድሳት በቦርሳ ተጭኖበታል። እሑድ እሑድም አባት እየነዱ፣ እናት ከኋላ ተቀምጠው፣ ሕፃን ከፊት በቤንዚን ታንኩ ላይ ተደላድሎ ወደ ቅዳሴ ሄደውበታል። ልጆች ሞተሩ ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ በድምፁ ለይተው «አባባ መጣ!» እያሉ ይሮጡ ነበር። እንግዲህ «አባባን ልትሸጡት ነው?» ብላ የምታለቅሰው ልጅ ስለ ብረት አታለቅስም።

ናፍቆት ምን ይፈልጋል?

ይህ ስሜት የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ፍቅር ያደረባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። አንዲት የጠፋች መለዋወጫ ለማግኘት ወራት ይፈልጋሉ፤ ቀለሙን እንደ ጥንቱ ይቀባሉ፤ የድሮ ሞተሮች ብቻ የሚሳተፉበት ውድድር ያዘጋጃሉ። በሰሜን ኢጣሊያ በካስቴላጾ ቦርሚዳ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1947 የሞተረኞች ጠባቂ ብለው ወደ ሰየሟት እመቤታችን መቅደስ፣ በየዓመቱ ሞተረኞች እየተሰበሰቡ ቡራኬ ይቀበላሉ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ «ለምን እንዲህ ትደክማላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ስለ ሞተሩ ጉልበት ጥቂት ተናግረው ወዲያው ወደ አባታቸው፣ ወደ ታላቅ ወንድማቸው ወይም ወደ አንድ የልጅነት ወራት ይሻገራሉ።

ይህን ስሜት አውሮፓውያን የሚጠሩበት «ኖስታልጂያ» የተባለው ቃል የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1688 ነው። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የሕክምና ምሁር በባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ሠራው። ሆፈር ናፍቆትን እንደ በሽታ ቈጥሮት ነበር፤ ዋናው መድኃኒቱም ታማሚውን ወደ አገሩ መመለስ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ፈላስፋው ካንት አንድ ነገር ታዘበ፤ በናፍቆት የታመሙት ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያሰቡትን አያገኙም፤ የናፈቁት የልጅነት ዘመናቸውን እንጂ ቦታውን አልነበረምና። ወደ ቦታ የሚወስድ መንገድ አለ፤ ወደ ዘመን የሚመልስ መንገድ ግን የለም።

አሮጌውን ሞተር በእግሩ መትቶ የሚያስነሣ ልጅ ድምፁን ይሰማል፤ ሽታውን ያሸታል፤ ለአንድ አፍታም የወንዙ ማዶ ይታየዋል። ነገር ግን ከወንዙ ማዶ የሚመጣ ሰው የለም። ስለዚህ የናፍቆቱ ትክክለኛ ጥያቄ «አባቴን እንዴት ልመልሰው?» የሚለው ሳይሆን «ከአባቴ የተቀበልኩትን የት ላድርሰው?» የሚለው ነው።

ትዝታ የሚሸፍነው

ትዝታ እውነተኛ ወዳጅ ነው፤ ታማኝ ምስክር ግን ሁልጊዜ አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በዐሥረኛው ክፍል ስለ ማስታወስ ኃይል በሰፊው ሲመረምር፣ ያለፈውን ኀዘን ያለ ኀዘን፣ አንዳንዴም በደስታ ማስታወስ መቻላችን ያስደንቀዋል። የነገሩ ጣዕም በትዝታ ውስጥ ይለወጣል ማለት ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ የግብፅን ዓሣና ዱባ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በናፍቆት ማስታወሳቸውን በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እናነባለን። ምግቡን አልረሱትም፤ ጡብ ያስረገጣቸውን ጅራፍ ግን በዚያች ሰዓት አላስታወሱም።

በእኛ ቤትም እንዲሁ ነው። ልጆች የሚያስታውሱት የእሑዱን መንገድ ነው። እናት የሚያስታውሱት ግን ሌላም አለ፤ ዝናብ በጣለበት ሌሊት መብራት ይዘው ደጅ የቆሙባቸውን ሰዓቶች፣ ባለቤታቸው ከገደል አፋፍ ወድቀው ትከሻቸው የተሰበረበትን ወራት፣ የቤቱ ገንዘብ ለጎማና ለቤንዚን የሄደበትን ዓመት። ምናልባት ዝምታቸው ከዚህ የመጣ ይሆናል። የሞተሩን መወደድ የሚያውጀውም፣ ይሸጥ የሚለውም፣ አስቀድሞ የእናቱን ዝምታ ሊያዳምጥ ይገባዋል። ይህ የፍቅር ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ነገር ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነውና፤ ሞተሩ በጋብቻው ዘመን የተገዛ ከሆነ ግማሹ ቀድሞውንም የእርሳቸው ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገን የሚለው ልማዳችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙትን አለመውቀስ ማለት ሙትን በሐሰት መሣል ማለት አይደለም። ድካማቸው የተነገረለት አባት በልጆቹ ዘንድ አያንስም፤ ሰው ሆኖ ይቀርባል እንጂ።

እኩል ያልተከፈለ ውርስ

በእንዲህ ያለው የቤተሰብ ክርክር ውስጥ አንድ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። ንብረት ሲወረስ በእኩል ይከፈላል፤ ትዝታ ግን ለልጆች እኩል አይደርስም። የመጀመሪያይቱ ልጅ በቤንዚን ታንኩ ላይ ተቀምጣ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት አድጋለች። የመጨረሻው ልጅ በተወለደ ጊዜ አባት ታመው፣ ሞተሩም ቆሞ ነበር። እርሷ ሸራው ሲገለጥ አባቷን ታያለች፤ እርሱ ዝገት ያያል። ስለዚህ እኅቲቱ ወንድሟን «ልበ ደንዳና» ትለዋለች፤ እርሱም እኅቱን «በሞተ ነገር የምትጨነቅ» ይላታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እርሱ አባቱን አልናቀም፤ ድርሻው ገና አልተሰጠውም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መከፈል ያለበት ውርስ ይህ ነው። ያየ ላላየ ይንገር። ኢያሱ ከዮርዳኖስ ወንዝ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ ማቆሙ ድንጋዮቹ ራሳቸው እንዲናገሩ አልነበረም፤ ወደ ፊት ልጆች ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱ ነበር። የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ አባት ከሌለ ድንጋዩ ድንጋይ፣ ሞተሩም ብረት ሆኖ ይቀራል። ታሪኩን ሳይነግሩ ዕቃውን ብቻ ጠብቆ ማቆየት ለታናሹ ልጅ የተቆለፈ ሣጥን ያለ ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

እባቡና መጎናጸፊያው

ቅዱስ መጽሐፍ ከቀደሙት ስለተቀበልነው ዕቃ ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ይነግረናል። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ ሕዝቡ የዳነበት ምልክት ነበር፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም ተጠብቆ ቆየ። በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ግን ሕዝቡ ያጥኑለት ስለ ነበር ንጉሡ ሰባበረው። ዕቃው የተቀደሰ ታሪክ ነበረው፤ ጥፋቱ ሰዎች በእርሱ በኩል የተደረገላቸውን ረስተው በእርሱ ላይ መቆማቸው ነበር። በሌላ በኩል ኤልያስ ወደ ሰማይ በተወሰደ ጊዜ ኤልሳዕ የወደቀውን መጎናጸፊያ አነሣ። አጣጥፎ በሣጥን አላኖረውም፤ ወደ ዮርዳኖስ ወርዶ ውኃውን መታበት፣ ተሻገረም። አባቴ ብሎ የጠራውን ሰው ያከበረው ሥራውን በመቀጠል ነው።

ሁለቱን ታሪኮች በአንድነት ስንመለከት ጥያቄያችን ይጠራል። የአባትን ዕቃ ማቆየትም ሆነ ማስወገድ በራሱ ጽድቅ ወይም ኃጢአት አይደለም። የሚመዘነው ዕቃው ዛሬ በልባችን የሚሠራው ሥራ ነው፤ እጃችንን ለሌላው ይዘረጋዋል ወይስ ያጥፈዋል?

ጀርመናዊው ካህን ጳውሎስ ሹልተ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምረናል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዳጁ አባ ኦቶ ፉርማን በዛሬዋ ናሚቢያ ምድር ሲያገለግሉ ታመው፣ ከሐኪም ዘንድ ፈጥኖ የሚያደርሳቸው ተሽከርካሪ በመጥፋቱ ዐረፉ። ሹልተ ለወዳጁ የድንጋይ ሐውልት ማቆም ይችል ነበር። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1927 ለሚሲዮኖች መጓጓዣ የሚያቀርበውን ሚቫ የተባለ ማኅበር መሠረተ። በኋላ በኦስትሪያ የተቋቋመው ሚቫ እስከ ዛሬ አሽከርካሪዎች ያለ አደጋ ለተጓዙት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሳንቲም ዐሥረኛ እንዲሰጡ እየጠየቀ በድኻ አገሮች መኪና፣ ሞተርና ብስክሌት ይገዛል። የአንድ ሰው ኀዘን ለብዙ ሺህ ሰዎች መንኰራኩር ሆነ።

ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2013 በስጦታ የተቀበሉትን የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌት እንዲሸጥ ሰጥተው፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በፓሪስ ጨረታ በ241,500 ዩሮ ተሸጦ ገንዘቡ በሮም ለሚገኘው የካሪታስ የድኾች መጠለያ ሆኗል። እርግጥ ነው፣ ሞተሩ የአባታቸው አልነበረም፤ የልጅነት ትዝታም አልነበረበትም፤ ስለዚህ የእርሳቸው መለየት ከእኛ ይቀልላል። ቢሆንም ስጦታን ለተራበ ሰው ማሳለፍ ሰጪውን ማዋረድ እንዳልሆነ ያሳየናል።

በእንሰቱ መካከል የቆሙት ድንጋዮች

ይህን ለመማር ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው በአጥር የተከለለ ሙዚየም አይደለም፤ ሰው የሚኖርበትና የሚበላበት ምድር ነው። ታላላቅ ዛፎች እንሰቱን ያስጠልላሉ፤ ከሥሩ ቡናው ይበቅላል፤ በዚያው መካከል እንደ ቱቱ ፈላ ባሉ ስፍራዎች የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ድንጋዮች በሽማግሌዎች ጥበቃ ይኖራሉ። የሙታን መታሰቢያና የሕፃናት ቁርስ ከአንድ ኮረብታ ይገኛሉ። አባቶቻችን ድንጋዩን ለማክበር ሲሉ እንሰቱን አልነቀሉም፤ እንሰት ለመትከል ሲሉም ድንጋዩን አልጣሉም።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም ሌላ ትምህርት ይሰጡናል። በዚያች ሰዓት ሰው ልጁን አቅፎ እንጂ ዕቃውን ተሸክሞ አልወጣም። ብቸኛው የአባታቸው ፎቶግራፍ ከቤቱ ጋር የተቃጠለባቸውን ሰዎች «ዕቃ ምንም አይደለም» ብለን ልናጽናናቸው አንችልም፤ እንደሚያም ያውቃሉና። ነገር ግን አባታቸውን እንዳልረሱም ይመሰክራሉ። ትዝታ ዕቃን ይወድዳል፤ ያለ ዕቃ ግን አይሞትም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«የአባታችንን ሞተር ብንሸጥ ነውር ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፤ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ማቆየትም ሞኝነት አይደለም። ነውሩ ታሪኩን ሳይነግሩ መሸጥ ነው፤ ነውሩ በሕይወት ያለው ሲቸገር ለሞተው ብረት ዘይት መግዛት ነው። በመሆኑም ቤተሰብ ተሰብስቦ በቅደም ተከተል እንዲነጋገር እንመክራለን።

በመጀመሪያ እናት ይናገሩ። ቀጥሎ ያየው ላላየው ያውራ፤ መልካሙንም ድካሙንም። ከዚያ በኋላ ችግር ይቈጠር። በቤቱ ውስጥ መድኃኒት ያጣ ታማሚ ወይም ከትምህርት የሚቀር ልጅ ካለ ሞተሩ ይሸጥ፤ አባት በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በዚያው ሞተር ታማሚውን ወደ ዲላ ባወረዱት ነበርና፣ ሽያጩ የመጨረሻው ጉዟቸው ይሁን። አጣዳፊ ችግር ከሌለና ሞተሩ ሊነሣ የሚችል ከሆነ ይጠገን፤ በሩቅ መንደር ለሚያገለግል ሰው ይዋል። ሊነሣም ካልቻለ፣ ማንንም ካልጎዳ፣ ከቆርቆሮው ሥር ይቆይ፤ ለጥገናው የሚወጣው ገንዘብ ግን ልክ ይበጅለት፤ በየዓመቱ የልጆችን ድርሻ የሚበላ መታሰቢያ የአባት መታሰቢያ አይባልም።

ለካቴኪስቶች ደግሞ አንድ ልመና አለን። ሙታንን በምናስብበት በኅዳር ወር በየቤቱ ስትሄዱ የሟቹን ስም ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ። «በሞተሩ ማንን አድርሰዋል? የት ድረስ ሄደዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጆቹ እየሰሙ ይመለስላችሁ። የቁምስናዎቻችን ታሪክ አብዛኛው ገና ያልተጻፈ ነው፤ የሚያውቁት አረጋውያንም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ ነው። የሰማችሁትን በደብተር ጻፉት፤ የተናጋሪውንም ፈቃድ ጠይቁ።

የአባቶቻችንን ድካም የሚያውቅ አምላክ ለእኛም የጀመሩትን መንገድ የምንቀጥልበትን ብርታት ይስጠን። አሜን።